ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ውስጥ የሃሪ ፖተር ግድግዳ የት ነው ያለው?

የለገሃሯ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። ለንደንን የምታውቁ ሰዎች ካላችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አሥር ዓመት የሞላትን ልጄን ይዤ እዚያ የምትኖረው እኅቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ቪዛው ወጥቷል፣ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ በርበሬውና ሽሮውም ተዘጋጅቷል። የቀረው የልጄ ጉዳይ ነው። ቤተ መንግሥቱን፣ ወንዙን፣ ትልቁን ሰዓት እያልኩ ስዘረዝርላት በትዕግሥት ትሰማኝና ወደ አንድ ግድግዳ ትመለሳለች። ሃሪ ፖተር የሻንጣ ጋሪውን እየገፋ ሰንጥቆት የሚያልፈው ግድግዳ! ኪንግስ ክሮስ የሚባል ባቡር ጣቢያ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ፕላትፎርሙም ዘጠኝ ከሦስት አራተኛ እንደሚባል ከእኔ በላይ ታውቃለች።

የምሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ወደ ቤት ስመለስ በድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አልፋለሁ፤ ነገር ግን ባቡር ጣቢያ በሰው ሲጥለቀለቅ ምን እንደሚመስል የማውቀው ስታዲየም ላይ ቀላል ባቡር ስጠብቅ ብቻ ነው። እኅቴ ደግሞ «እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ጣቢያው ትልቅ ነው፣ ልጅቷን አጥብቀሽ ያዥ» ብላ አስፈራርታኛለች። ያለን ጊዜ ግማሽ ቀን ነው፤ በማግስቱ ከከተማ እንወጣለን።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ይበልጥ ግራ ተጋባሁ። አንዱ «በፕላትፎርም 9 እና 10 መካከል» ይላል። ሌላው «ፊልሙ የተቀረጸው 4 እና 5 ላይ ነው» ይላል። ሦስተኛው ጭራሽ ዩስተን የሚባል ሌላ ጣቢያ ያነሣል። ከዚያ ደግሞ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቀይ ሕንፃ ፎቶ ለጥፎ «ኪንግስ ክሮስ ይህ ነው» የሚል አየሁ። የትኛውን ልመን? የባቡር ቲኬት ሳልገዛ መግባት እችላለሁ? ያስከፍላሉ? እዚያ አካባቢ ከፊልሙ ጋር የሚያያዝ ሌላ የሚታይ ነገርስ አለ?

---

ሁለት ወንዶች ልጆች ያሉኝ

እኅቴ፣ አትጨነቂ። ባለፈው ክረምት ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ። ከምድር ውስጥ ባቡር ወጥተሽ «ኪንግስ ክሮስ» የሚለውን ምልክት ተከተይ፤ ጎን ለጎን ያለው ሴንት ፓንክራስም ምልክቱ አብሮ ስለሚታይ እንዳትሳሳቺ። ነጭ የብረት መረብ ከመሬት ተነሥቶ ጣሪያውን የሚሸፍንበት ሰፊ አዳራሽ ስትደርሺ ቆሚ። ግማሽ አካሉ ግድግዳ ውስጥ የገባ ጋሪ እዚያው ነው፤ ሻንጣዎችና የጉጉት ጎጆ ተጭነውበታል። አጠገቡ የሃሪ ፖተር ሱቅ አለ። ጋሪውን ባታዪው እንኳ ሰልፉን ታዪዋለሽ።

ያለው ከቲኬት መቆጣጠሪያው ውጪ ስለሆነ የባቡር ቲኬት አያስፈልግም። ፎቶም በራስሽ ስልክ ከሆነ በነጻ ነው። አንድ ሠራተኛ ለልጅሽ የመረጠችውን ቤት (በታሪኩ ተማሪዎቹ የሚመደቡበትን ቡድን) ሻርፕ ያለብሳታል፣ ጫፉን ከኋላ ወደ ላይ ይወረውርና የምትሮጥ ያስመስላታል። የሱቁ ፎቶ አንሺም ያነሣል፤ እሱን ካልፈለግሽ አለመግዛት ነው። ሱቁ ውስጥ ግን ቦርሳሽን ጠበቅ አድርጊ፤ የእኔ ልጆች አስማት በትር ካልተገዛልን ብለው የሆኑትን አልነግርሽም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ሆኖ በምድር ውስጥ ባቡር በነጻ ይሄዳል። በሩ ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠይቂው፣ በሰፊው በር አብራችሁ ያሳልፋችኋል።

---

ጡረተኛው ባቡረኛ

ልጄ፣ የተነገረሽ አራት ቦታ ነው፤ አራቱም መነሻ አላቸው። ግራ የገባሽ ሰዎቹ ስለተሳሳቱ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ስለሆነ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ለገሃር፣ በኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ነው። ሴት ልጄ ለንደን ትኖራለች፤ ልጠይቃት በሄድኩ ጊዜ የልጅ ልጄ እጄን ይዞ ያንን ጋሪ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ጋሪውን አየሁት። ከዚያ «ሐዲዱስ?» አልኩት። ሐዲድ የለም! ሐዲድ የሌለው ፕላትፎርም ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። እንግዲህ ስለዚህ ጣቢያ ስጠየቅ ዝም ማለት አልችልም፤ ረዘም ካለ ይቅርታ።

ከእኔ በፊት የጻፈችው የሁለት ልጆች እናት የነገረችሽ ጋሪ ያለበት አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተ አዲስ ሥራ ነው። ጋሪው ለጎብኚ ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ያለው ግድግዳ አይደለም። ፊልሙን የቀረጹት በጣቢያው ዋና አካል፣ ፕላትፎርም 4 እና 5 ላይ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። 9 እና 10 ያሉት ከዋናው ጣቢያ ጎን በተለጠፈ ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ ነው፤ ለከተማ ዳርቻ ባቡሮች የተሠራ። ግርማ የለውም። በዚያ ላይ 9 እና 10ን የሚለያያቸው ግንብ ሳይሆን ሐዲድ ነበር፤ ጋሪ እየገፋሽ ብትሮጪ የምትወድቂው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ታዲያ ደራሲዋ ለምን 9 እና 10 አለች? ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ራሷ ተናግራዋለች። የጻፈችው ማንችስተር እየኖረች ነው፤ በዐይነ ሕሊናዋ የሣለችው ግን ዩስተንን ነበር። ዩስተን የመጣው ከዚህ ነው። ኪንግስ ክሮስን የመረጠችው ደግሞ እናትና አባቷ የተዋወቁት ከዚያ ጣቢያ ወደ ስኮትላንድ በተነሣ ባቡር ውስጥ ስለሆነ ነው። ለእኔ ከአስማቱ ሁሉ ይህ ይበልጣል። እኛስ ድሬዳዋ ድረስ ባለው ጉዞ ስንት ትዳር ሲጀመር አይተናል! አዋሽ ላይ ምሳ ሲበላ ያልተነጋገረ ሰው አልነበረም።

ቀዩ ሕንፃ ሴንት ፓንክራስ ነው። መንገዱን ተሻግረሽ የምታገኚው ሌላ ጣቢያ፤ የፓሪስ ባቡር የሚነሣበት። በሁለተኛው ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው፣ ልጆቹ ባቡር አምልጧቸው በምትበር መኪና ሲነሡ የሚታየው የዚህ ሕንፃ ፊት ነው። ፊልም ሠሪዎቹ የኪንግስ ክሮስን ፊት አይተው ሳይማርካቸው ቀርቶ ይመስለኛል የጎረቤቱን ፊት የተዋሱት። በዚህ አልስማማም። የኪንግስ ክሮስ ፊት እ.ኤ.አ. በ1852 የተሠራ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ቅስቶች፣ በመካከላቸው ሰዓት ያለው ማማ፣ ሌላ ምንም። አንዱ ቅስት ለመነሻ፣ አንዱ ለመድረሻ። ከውጭ ያየሽው ሁሉ ውስጥ ያለውን በትክክል ይነግርሻል። ንድፉን የሠራው ሉዊስ ኪዩቢት ይባላል፤ ባቡር የሚያውቅ ሰው ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ግማሽ ቀንሽን ሰልፍ ላይ አትጨርሺው። ከሰልፉ ጎን ሆነሽ ጋሪውን ለልጅሽ አሳያት፣ ከሩቅ ፎቶ አንሥተሽ ቀጥይ። ከአዳራሹ ወደ ዋናው ጣቢያ የቲኬት መቆጣጠሪያ ተጠጉ፤ 4 እና 5 ከበሩ ማዶ ናቸው። ለመግባት ቲኬት ይጠይቃሉ፤ ጣሪያውን ግን ከበሩ ላይ ሆነሽም ታዪዋለሽ። ብዙ ሰው በሌለበት ሰዓት የበሩን ሠራተኛ በትሕትና አናግሪው። እኔም በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ፤ ልጅ ይዞ በጨዋነት የጠየቀኝን ሰው ፊት መንሣት ይከብደኝ ነበር። እምቢ ካለም መብቱ ነው።

ከዚያ በፊት ለፊቱ አደባባይ ውጪና ቅስቶቹን እዩ። ቀጥሎ ሴንት ፓንክራስ ግቡ፤ መግቢያው ክፍት ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም። ሽቅብ ተመልከቱ። ያ የብረትና የመስታወት ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1868 ሲከፈት መሐሉ ላይ አንድም ዓምድ ሳይኖረው ወደ 73 ሜትር የሚጠጋ ስፋት የሚሸፍን፣ በዘመኑ በዓለም ተወዳዳሪ ያልነበረው ነው። እዚያው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጣሪያውን ሽቅብ የሚያይ የአንድ ወፍራም ሰው ሐውልት አለ፤ ገጣሚው ጆን ቤጀማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሕንፃውን ሊያፈርሱት ሲሉ ከተሟገቱት አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በቅርስነት ተመዝግቦ ተረፈ። ለባቡር ጣቢያ የተሟገተ ገጣሚ በጣቢያው ውስጥ ሐውልት ሲቆምለት! እዚያ ቆሜ የእኛን ሰዎች አስቤ ነበር፤ ለማን እንደማቆም ግን አልነግራችሁም።

አንድ ሌላ ነገር። ልጅሽ ቀዩን ባቡር እፈልጋለሁ ካለች ኪንግስ ክሮስ የለም። ያ ሎኮሞቲቭ እ.ኤ.አ. በ1937 የተሠራ እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር ነው፣ ቁጥሩ 5972፤ ለፊልሙ ብለው ቀይ ቀቡት። የታላቁ ምዕራባዊ ምድር ባቡር ንብረት ነበር፤ የዚያ ኩባንያ የለንደን ጣቢያ ደግሞ ፓዲንግተን ነው። ከኪንግስ ክሮስ ወደ ስኮትላንድ ሲነሣ ማሳየት ለባቡረኛ የጅቡቲን ባቡር ጅማ ላይ እንደማቆም ነው። የልጅ ልጄን ይህን ብነግረው «አያቴ፣ ፊልም ነው» አለኝ።

---

ሁለት ወንዶች ልጆች ያሉኝ

ጋሼ፣ ያወጉን ሁሉ ደስ ይላል፤ ስለ ሰልፉ ግን አልስማማም። የአሥር ዓመት ልጅ ለገጣሚ ሐውልትና ለ73 ሜትር ጣሪያ ብላ ለንደን አትሄድም። ሻርፑን ለብሳ ጋሪውን ይዛ መዝለል አለባት። ጎን ቆማ ሌሎች ልጆች ሲዘሉ አይታ ብትመለስ ያንን ቀን እስክታገባ ድረስ ታነሣብሻለች። ሰልፉ ደግሞ ይንቀሳቀሳል፤ ሜክሲኮ ላይ ማታ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ምንም አይደለም።

ዋናው ሰዓቱ ነው። ክረምት የእነሱም ትምህርት ቤት የተዘጋበት ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ ብትሄዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ልትቆሙ ትችላላችሁ። ማለዳ ሱቁ ሲከፈት ድረሱ፣ ወይም ማታ ሊዘጋ ሲል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ ነሐሴ መጨረሻ ብለሻል። ነሐሴ 26 በእነሱ መስከረም አንድ ነው። በታሪኩ ልጆቹን ወደ አስማት ትምህርት ቤታቸው ወደ ሆግዋርትስ የሚወስደው ባቡር የሚነሣው በዚያ ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 11 ላይ ነው። በዚያ ቀን የፊልሙ ወዳጆች ካባ ለብሰው ወደዚያ ይጎርፋሉ። ልጅሽ ልትወደው ትችላለች፤ አንቺ ግን ሕዝብ የማትወጂ ከሆነ ሌላ ቀን ምረጪ።

ቀዩን ባቡር ስላነሡ፣ ያለው ከለንደን ወጣ ብሎ ሊቭስደን የሚባል ቦታ፣ ፊልሞቹ በተሠሩበት ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ከዩስተን ዋትፎርድ ጀንክሽን ድረስ በባቡር ሃያ ደቂቃ ገደማ፣ ከዚያ የስቱዲዮው አውቶቡስ አለ። ባቡሩ ላይ ወጥተሽ ታዪዋለሽ። ነገር ግን ለግማሽ ቀን አይሆንም፤ ቲኬቱም በር ላይ አይሸጥም፣ አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ለክረምት ደግሞ ብዙ ቀደም ብሎ ያልቃል። ሌላ ጊዜ ይሁን በያት።

---

ከፒያሳ

በጥያቄው መሐል መግባቴን ይቅር በሉኝ። ሰው ግድግዳ ለማየት ለንደን ይሄዳል፤ ለገሃር ፊት ያለውን የአንበሳ ሐውልት ግን ቆሞ ያየ ልጅ ስንት ነው? ጣሊያኖች ነቅለው ሮም ወስደው፣ እዚያም ባቡር ጣቢያቸው አጠገብ ተክለውት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የተመለሰልን። ይህ ፊልም አይወጣውም?

---

ጡረተኛው ባቡረኛ

ይወጣዋል እንጂ። ነገር ግን እናቲቱ የጠየቀችው ሌላ ነው፤ አንዱን ለማየት ሌላውን መተው የለባትም። ልጄ፣ ጊዜ ካለሽ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ልጅሽን ከቸርችል ጎዳና ሥር ወዳለው ጣቢያችን አምጫትና አንበሳውን አሳያት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ እንደደረሰ፣ ከጅቡቲ እስከዚህ 784 ኪሎ ሜትር እንደነበረና የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ብቻ እንደሆነ ንገሪያት። ኪንግስ ክሮስ ስትደርሺ የእነሱን ሐዲድ ሰፋ ብሎ ታየዋለች፤ ከእኛ በ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ይህን ካስተዋለች ባቡረኛ ናት፣ ለእኔ ላኪያት።

ስለ ሰልፉ ተሸንፌያለሁ። የልጅ ልጄም ይህንኑ ጽሑፍ አንብቦ ከሴትዮዋ ጋር ነው የቆመው። ይሁን፣ ይሰለፉ። ግን ከሰልፉ በኋላ ሴንት ፓንክራስን እንዳትተዉት፤ በእግር ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

---

የለገሃሯ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለልጄ አነበብኩላት። ስለ ቀዩ ባቡርና ስለ ፓዲንግተን ስትሰማ በጣም ተናደደች፤ «ታዲያ ለምን አላስተካከሉትም?» አለች። ወዳጅ አግኝተዋል።

እንዲህ ወስኛለሁ፦ ነሐሴ 26ን እንተወዋለን፣ ከሁለት ቀን በፊት ማለዳ እንሄዳለን። መጀመሪያ ሰልፍ፣ ከዚያ የ4 እና 5 በር፣ ከዚያ አደባባዩና ቀዩ ሕንፃ። ስቱዲዮው ይቅር። ሱቁን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ እንደምገዛላት ከአሁኑ አስፈርሜያታለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ከእኅቴ ቤት ስንወጣ አንድ ሻንጣ ይዘን ነው፤ ማስቀመጫ አለ? ሌላው ደግሞ የልጅ ነገር ነውና፣ መጸዳጃ ቤት ቅርብ ነው?

---

ሁለት ወንዶች ልጆች ያሉኝ

የሻንጣ ማስቀመጫ ጣቢያው ውስጥ አለ፤ በክፍያ ነው፣ ርካሽም አይደለም። ትንሽ ሻንጣ ከሆነ እየጎተትሽው ብትሰለፊ ማንም አይደነቅም፤ ባቡር ጣቢያ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ነጻ ነው፣ ምልክት አለው። ሰልፍ ከመያዛችሁ በፊት ውሰጃት፣ ከያዛችሁ በኋላ መውጣት ማለት ከኋላ መጀመር ነው።

---

ጡረተኛው ባቡረኛ

ልጅሽን ስለ ጥያቄዋ አመስግኚልኝ። መልሱ፣ ለማስተካከል ቢፈልጉ ኖሮ የኪንግስ ክሮስን መስመር የያዘው ኩባንያ ሎኮሞቲቭ ማግኘት ነበረባቸው፤ ከእነዚያም ለፊልም የሚሆኑ የታወቁ ነበሩ። ስሞቻቸውን በደብዳቤ እጽፍላታለሁ፣ እዚህ ግን ሰው ይሰለቻል።